ካራቫጆ የሳለው የእመቤታችን ሞት ለምን ተመለሰ? የአንድ ስዕል ጉዳይ

ስለ ባሮክ ዘመን፣ ማለትም በ1600ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ስለገነነው አሳሳል፣ የሃይማኖት ስዕል ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ወርቁ፣ ደመናው፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ምናምን ነው፣ እኔ ግን ዘመኑን ለመረዳት ከዛ ሁሉ የሚበልጠው አንድ የተመለሰ ስዕል ነው ብዬ አምናለሁ። ስዕሉ ጣልያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ የሳለው የእመቤታችን ሞት ነው። አሁን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ ቁመቱ 369 ሳንቲሜትር ወርዱ 245፣ ስለዚ ፊቱ ስትቆሙ የተሳሉት ሰዎች እናንተኑ ያክላሉ። ሮም ውስጥ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ታዞ፣ ተሰርቶ፣ ተከፍሎበት ከዛ በኋላ ነው አባቶቹ አንቀበልም ያሉት። ለምን? እስካሁን ብዙ ሰው የሚያወራው መልስ አለ፣ እኔ ደግሞ ያ መልስ ዋናውን ነገር ስቷል የምል ሰው ነኝ፣ ለዛ ነው ጉዳዩን ከነማስረጃው ከመጀመሪያው ላስኬደው የፈለኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የበዓላቶቹን ቀን ሳነሳ ብቻ በኛ ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው በሰኔ 1601 ነው። ላኤርዚዮ ኬሩቢኒ የሚባል የጳጳሳትን ድንጋጌ ሰብስቦ ያሳተመ ትልቅ የሕግ ሰው፣ ትራስቴቬሬ ሰፈር ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሱ ጸሎት ቤት ነበረው፣ ለዛ ጸሎት ቤት መንበር የእመቤታችንን ሞት እንዲስልለት ከካራቫጆ ጋር ኮንትራት ተፈራረመ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊረከብ። ቤተ ክርስቲያኑ ገና አዲስ ነው፣ ግንባታው የተጀመረው በ1593 ነው፣ የያዙት ደግሞ ቀርሜላውያን መነኮሳት ናቸው፣ ያውም በባዶ እግር ወይ በክፍት ጫማ የሚሄዱት፣ የጠበቀ ኑሮ የመረጡት ወገን። እና ቀርሜላውያን ለእመቤታችን ያላቸው ፍቅር ከሌላው ማኅበር ሁሉ ለየት ያለ ነው፣ ማኅበራቸው ራሱ በሷ ስም የቆመ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ካራቫጆ በዛን ጊዜ 30 ዓመት አካባቢ ነው፣ ሮም ውስጥ ስሙ የገነነበት ሰዓት። ስዕሉ ግን በአንድ ዓመት አላለቀም፣ መቼ እንዳለቀ ኤክስፐርቶቹ እስከዛሬ ይከራከራሉ፣ ከ1601 እስከ 1606 ባለው መሀል ነው የሚሉት። በግንቦት 1606 ደግሞ ካራቫጆ በጠብ ሰው ገድሎ ከሮም ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ተመልሶ አልገባባትም፣ በ1610 ገና በ38 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ስዕሉን እንየው፣ ከቻላችሁ በሌላ ስክሪን ላይ ከፍታችሁ ያዙት። እመቤታችን አንድ አጭር አልጋ ይሁን ሰሌዳ ላይ ተጋድማለች፣ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፣ የደረቷ ማሰሪያ ላላ ብሏል፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ሌላው ትራሱ ላይ ተዘርግቶ ወድቋል። እግሮቿ ከመኝታው ጫፍ አልፈው ወጥተዋል፣ ባዶ ናቸው፣ ቁርጭምጭሚቷ ያበጠ ይመስላል። ፊቷ ገርጥቷል፣ ፀጉሯ ተበትኗል። ሐዋርያቱ ዙሪያዋን ቆመዋል፣ አብዛኞቹ ሽማግሌ ናቸው፣ ራሳቸው በራ፣ እግራቸው ባዶ፣ አንዱ በጡጫው ዓይኑን ይጠርጋል። ዮሐንስ ከራስጌዋ ቆሞ ጉንጩን በእጁ ደግፏል። ከፊት ለፊት ደግሞ ማርያም መግደላዊት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፣ እግሯ ስር የመዳብ ሳህን አለ፣ አስከሬን ሊታጠብበት የቀረበ። ከላይ ትልቅ ቀይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ የስዕሉን አንድ ሦስተኛ ያህል የያዘው እሱ ነው። በቃ። መልአክ የለም። የተከፈተ ሰማይ የለም። ልጇ ነፍሷን ሊቀበል አልመጣም። ከመጋረጃው በላይ ያለው የእንጨት ጣሪያ ነው።

ይሄ ባዶነት ምን ያህል አስደንጋጭ እንደሆነ ለማወቅ ከሱ በፊት የነበሩትን ማሰብ ነው። በምዕራቡ አሳሳል የእመቤታችን ዕረፍት ሲሳል ምልክቶቹ ይታወቁ ነበር፣ በእጇ ሻማ ትይዛለች፣ ጴጥሮስ የካህን ልብስ ለብሶ ጸሎት ያደርሳል፣ አንዱ ጸበል ይረጫል፣ አንዱ ያነባል፣ መልአክ ከገነት ያመጣው ዘንባባ አለ፣ በምስራቁ ደግሞ ክርስቶስ ራሱ መሀል ቆሞ ነፍሷን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይታያል። ካራቫጆ ይሄን ሁሉ አወጣው። ያስቀረው ምልክት በጣት የሚቆጠር ነው፣ ከራሷ በላይ በጣም የቀጠነች፣ ካልተጠጉ የማትታይ የብርሃን አክሊል አለች፣ መጋረጃው አለ፣ ሳህኑ አለ፣ ቀይ ቀሚሱ አለ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ የተተወው ለብርሃኑና ለለቅሶው ነው። ብርሃኑ ከግራ ከላይ ይገባል፣ ከየት እንደሚመጣ አይታይም፣ መስኮት የለም፣ የሐዋርያቱን ግንባርና በራ እየነካ ይወርድና እሷ ፊት ላይ ያርፋል፣ ከዛ የመግደላዊት ማጅራት ላይ። እኔ ይሄን ብርሃን ሳየው ሰማዩ አልተከፈተም የሚለው ክስ ግማሽ ብቻ እውነት ይመስለኛል፣ ሰማይ አለ፣ በብርሃን መልክ ነው የገባው፣ ነገር ግን መነኩሴው በጣቱ ለምእመኑ ይሄ ነው ብሎ ሊያሳየው አይችልም።

መግደላዊት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለኔ የስዕሉ ልብ እዛ ነው። ፊቷ ጭራሽ አይታይም። የሚታየው የተጎነጎነ ፀጉሯ፣ ማጅራቷና ትከሻዋ ብቻ ነው። እኛ ጋር በድሮው አሳሳል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ክፉው ነው በጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው፣ በዛ ዓይን ለለመደ ሰው እንደዚ ፊቷ የተደበቀ ቅድስት ማየት ግራ ያጋባል። ግን ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ፣ በጣም የተጎዳችው ሰው እኮ ፊቷን አታሳይም፣ ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተደፍታ ነው የምታገኟት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ምን እንደሚላት ጠፍቶት። ካራቫጆ ያየው ያንን ነው። ሀዘንን በፊት ሳይሆን በጀርባ መሳል ይቻላል ብሎ፣ ያውም ለመንበር በሚሆን ስዕል ላይ። የባሮክ ሠዓሊ ሁሉ ስሜት ይስላል፣ ወደ ላይ የተንጋጠጠ ዓይን፣ የተከፈተ አፍ፣ ደረት ላይ ያረፈ እጅ፣ ይሄ የዘመኑ ቋንቋ ነው፣ ካራቫጆ ግን እዚ ስዕል ላይ አንድም ወደ ላይ የሚያይ ሰው የለውም። ሁሉም ወደ ታች ነው የሚያዩት። ልብ በሉ፣ አሥራ ምናምን ሰው ተሰብስቦ አንድም ቀና ያለ የለም።

እንግዲህ መነኮሳቱ መለሱት። ለምን ለሚለው ጥያቄ የድሮ ምስክሮች ሦስት አሉን፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት አያወሩም። የመጀመሪያው ጁሊዮ ማንቺኒ ነው፣ ሐኪም ነበር፣ ስዕልም ይሰበስባል፣ ካራቫጆ ከሞተ አሥር ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው እመቤታችንን የሳለው በአንዲት ሴተኛ አዳሪ ሞዴል ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ጆቫኒ ባልዮኔ፣ እሱም ሠዓሊ፣ በ1642 ባሳተመው ውስጥ ሥነ ሥርዓት በጎደለው መልኩ አብጣ፣ እግሯ ተገልጦ ስለሳላት ነው ይላል፣ ባልዮኔ ግን በ1603 ስሜን አጠፋ ብሎ ካራቫጆን ፍርድ ቤት ያቆመ ጠላቱ ነው፣ ቃሉን ስንመዝን ይሄን መርሳት የለብንም። ሦስተኛው የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቤሎሪ በ1672፣ ያበጠች የሞተች ሴትን ከልክ በላይ አስመስሎ ስለሰራ ነው አለ፣ እሱ ደግሞ ጉዳዩ ሲሆን ገና አልተወለደም ነበር። ዛሬ በየቦታው የምታነቡት ወንዝ ውስጥ ሰምጣ የሞተች ሴተኛ አዳሪ አስከሬን አስቀምጦ ነው የሳለው የሚለው ወሬ የነዚህ ምስክሮች ቃል ተቀጣጥሎ ተጋኖ የመጣ ነው።

እና ሰው ሁሉ የሚወደው የሞዴሏን ታሪክ ነው፣ ቅሌት አለበት፣ ይጥማል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። አንደኛ፣ ሮም ውስጥ ሠዓሊዎች ከመንገድ ሴት ጠርተው ሞዴል ማድረግ የተለመደ ነገር ነበር። ሁለተኛ፣ እግሩም ቢሆን ብቻውን አያስመልስም፣ ካራቫጆ ራሱ በዛው ዓመታት እዛው ሮም ሳንት አጎስቲኖ ለሚባለው ቤተ ክርስቲያን በሳለው የእመቤታችን ስዕል ላይ ፊቷ የተንበረከከ ምእመን የቆሸሸ የውስጥ እግሩን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይታያል፣ ሰው ተንጫጫ ተባለ እንጂ ስዕሉ አልወረደም፣ ዛሬም እዛው መንበሩ ላይ አለ። በባዶ እግር የሚሄዱ መነኮሳትስ በባዶ እግር ብቻ ይደነግጣሉ? ያው የእመቤታችን እግር ከምእመን እግር ይለያል ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ነውሩ የራሱን ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ግን ለኔ ትልቁ ማስረጃ ወረቀት ላይ የተጻፈ አይደለም፣ በቦታው የተተካው ስዕል ነው።

መነኮሳቱ ካራቫጆን ከመለሱ በኋላ ሥራውን ለካርሎ ሳራቼኒ ሰጡት፣ የካራቫጆን ስታይል የሚከተል ጎበዝ ሠዓሊ። ሳራቼኒ ስህተቱን ያረመ መስሎት እመቤታችንን ተጋድማ ሳይሆን ቁጭ ብላ፣ እጆቿን አጣምራ ስትጸልይ፣ ሐዋርያቱ ከበዋት ሳላት። ያበጠ ነገር የለም፣ የተገለጠ እግር የለም፣ ቅሌት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ከላይ ግን የሳለው የቤተ መቅደስ ሕንፃ ነበር። ይሄም ተመለሰ! እንደገና ሰራው፣ በሕንፃው ፋንታ ሰማዩን ከፍቶ መላእክትን አወረደ፣ ያኔ ተቀበሉት፣ እስከዛሬ እዛው መንበር ላይ ያለው እሱ ነው። በቃ ይሄ ጉዳዩን ይዘጋዋል ባይ ነኝ፣ ሞዴል የማያሳማው፣ እግር የማያሳማው ንጹሕ ስዕል ሰማይ ስለሌለው ብቻ ከተመለሰ፣ አባቶቹ ከመጀመሪያው የፈለጉት ሰማዩን ነው ማለት ነው።

እዚ ላይ መነኮሳቱን ደንቆሮ አድርጎ መሳል ልማድ ሆኗል፣ ጥበብ ያልገባቸው፣ አዲስ ነገር የሚፈሩ እየተባለ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ራሳችሁን በነሱ ቦታ አድርጉት። የትሬንቶ ጉባኤ የሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በታህሳስ 1563 ስለ ስዕል ደንግጓል፣ ስዕል ሕዝቡን ያስተምር፣ ያልተማረው እንዳይሳሳት ተጠንቀቁ፣ ነውር አይግባበት ብሎ፣ ምክንያቱም ፕሮቴስታንቶቹ ከሰሜን ስዕል ጣዖት ነው እያሉ ከየቤተ ክርስቲያኑ እያወረዱ ነበር፣ የእመቤታችንም ክብር በዛው ክርክር ውስጥ ነበር። የዕርገቷ በዓል እነሱ ጋር በፈረንጆቹ ነሐሴ አጋማሽ በድምቀት ይከበራል፣ ነገር ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዕርገቷ ዶግማ ሆኖ የታወጀው በ1950 ነው፣ ያኔም ቢሆን አዋጁ ሞታለች ወይ አልሞተችም የሚለውን ቆርጦ አልተናገረም፣ የምድር ሕይወቷን ስትፈጽም ብሎ ነው ያለፈው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ታድያ በስሟ የቆመ ማኅበር፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት መንበር ላይ፣ ሞቷን ብቻ የሚናገር ትንሣኤዋን የማይናገር ስዕል ሰቅሎ ምእመኑን ምን ብሎ ያስረዳ? ስጋታቸው የእምነት ስጋት ነው፣ ከልብ ነው የማከብረው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚህ ስዕል ከብዙ ፈረንጅ የተሻለ ዓይን ያለን ይመስለኛል። በኛ ትውፊት እመቤታችን ያረፈችው በ64 ዓመቷ ጥር 21 ነው፣ አስተርእዮ ብለን የምናከብረው፣ ሞቷ ሁሉን የሚያስደንቅ መሆኑም በዜማ ይነገራል። ሥጋዋ ከዕፀ ሕይወት ሥር ቆይቶ፣ ሐዋርያት ሱባኤ ይዘው፣ ነሐሴ 14 ተቀብራ ነሐሴ 16 ተነሳች፣ ፍልሰታን የምንጾመው ለዛ ነው። ቶማስ በደመና ሲመጣ ስታርግ አግኝቷት የተገነዘችበትን ሰበን ሰጠችው፣ ካህናቱ መስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዛ መታሰቢያ ነው። እና በኛ ዘንድ ሞቷና ትንሣኤዋ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፣ በመሀላቸው ወራት አለ፣ ሐዋርያቱ ሀዘን ላይ የቆዩበት ወራት። ካራቫጆ የሳለው ከጥር 21 በኋላ ያለችውን የመጀመሪያዋን ሰዓት ነው ብትሉ ስዕሉ ምንም የጎደለው ነገር የለም፣ በዛች ሰዓት ሐዋርያቱ ነሐሴ 16ን ገና አያውቋትም፣ የሚያውቁት ሞታ ፊታቸው መጋደሟን ነው። እሱ ይሄን ትውፊት ያውቅ ነበር እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም፣ እኛ ስናየው የሚገባን ነገር አለ ነው የምለው። ወጣት አድርጎ መሳሉ ብቻ ከ64 ዓመቱ ጋር አይሄድም፣ ግን እሱም ከጥንት የነበረ ልማድ ነው፣ በንጽሕናዋ ምክንያት አታረጅም የሚል።

ሌላም ዝምድና አለ፣ የሮምን የማርያም ስዕል እኛም ቀምሰናል። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ ያለችውን፣ ቅዱስ ሉቃስ ሳላት የምትባለውን እመቤታችን ኢየሱሳውያን እያስገለበጡ ወደየአገሩ ይዘዋት ሄደዋል፣ ወደ ኢትዮጵያም መጥታ የኛ ሠዓሊዎች በራሳቸው መንገድ ሳሏት፣ እጆቿን አጣምራ መሀረብ ይዛ ልጇን ያቀፈችው ምስለ ፍቁር ወልዳ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያት ብዙውን ጊዜ ከዛ የመጣች ናት። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው፣ ካራቫጆ ሮም ላይ ሥራ በበዛበት ሰዓት ማለት ነው። ወደኛ የመጣው ቀና ብላ የምታየን፣ ጸሎት የሚደረግባት ስዕል እንጂ የካራቫጆ ዓይነት አልነበረም፣ ይሄም ስዕል ለጸሎትና ስዕል ለሀዘን ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

የተመለሰው ስዕል ዕጣ ፈንታው አስገራሚ ነው። በ1607 መጀመሪያ ሩበንስ፣ ያኔ 29 ዓመቱ፣ የማንቱዋው መስፍን ቪንቼንዞ ጎንዛጋ ሠዓሊ ሆኖ ሮም ነበር፣ ስዕሉን አየና ለመስፍኑ ግዛው ብሎ መከረው። ተገዛ። የሮም ሠዓሊዎች ግን ሳናየው አይሄድም አሉ፣ ስለዚ ከመጫኑ በፊት በሚያዝያ 1607 ለአንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ ለሕዝብ ታየ፣ ማንም ግን እንዳይገለብጠው ተከልክሎ ነበር። አስቡት፣ ሠዓሊው ነፍስ አጥፍቶ ተሰዷል፣ ስዕሉ ከመንበር ተባሯል፣ ሰው ደግሞ ሊያየው ይጎርፋል። ከዛ ጎንዛጋዎቹ ገንዘብ ሲቸግራቸው ስብስባቸውን በ1627 እና 28 ለእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ሸጡ፣ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ሲቀላ ንብረቱ ለሽያጭ ወጣ፣ ያባህ የሚባል ፓሪስ የሚኖር የባንክ ሰው እጅ ገባ፣ ከሱ በ1671 ሉዊ 14ኛ ገዛው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሉቭር ደረሰ።

ሁለቱን ስዕሎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩልኝ፣ የሳራቼኒንና የካራቫጆን። የሳራቼኒው ሁሉን ነገር በትክክል ይናገራል፣ የምታርፈው ማን እንደሆነች፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚቀበላት፣ ስሕተት የለውም፣ ግን ሐዋርያቱን እዩአቸው፣ ማንም የምር እያለቀሰ አይመስልም፣ ምክንያቱም ሰማዩ ተከፍቶላቸዋል፣ ለምን ያልቅሳሉ። ካራቫጆ ጋር ስትመጡ ትንሣኤውን የሚነግራችሁ የለም፣ ሀዘኑ ግን ያን ያህል የከበደው የሞተችው ማን ብትሆን ነው ብላችሁ ራሳችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔ ክብሯን ከመላእክቱ ይልቅ ያነበብኩት ከዛ ሽማግሌ ጡጫ ነው፣ ዓለምን ዞሮ የሰበከ ሐዋርያ ከእጁ ጀርባ ሆኖ እንደ ልጅ ሲያለቅስ። ለመንበር ይሁን ብሎ መወሰን የአባቶቹ ነበር፣ ለጸሎት ግን እኔን የሚያንበረክከኝ ይሄኛው ነው።

ሮም ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ትራስቴቬሬ መሄዳችሁ አይቀርም፣ ፒያሳ ዴላ ስካላ ላይ ከድሮው የመነኮሳቱ ፋርማሲ ጎን ነው ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገብታችሁ የሳራቼኒውን በቦታው እዩት፣ የመንበሩን ከፍታ፣ የጸሎት ቤቱን ጥበት አስተውሉ፣ ከዛ ያ 369 ሳንቲሜትር ሸራ እዛ ላይ ቢሰቀል ኖሮ ቅዳሴ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ምኑ ላይ ያርፍ እንደነበር ገምቱና ጻፉልኝ፣ እኔ ሳህኑ ላይ ነው እላለሁ።